መምህርነቴን ለቅቄ ወደ ትወና ልግባ? ለአንድ የቢቸና መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ 26 ዓመት ነው። በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ለአራት ዓመት ስጽፍም ስተውንም ቆይቻለሁ፤ ምኞቴ የቴሌቪዥንና የፊልም ተዋናይ መሆን ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሠልጠኛ የሦስት ወሩን ክፍያ አስቀድሜ ከከፈልኩ ሥልጠናው ሲያበቃ በተከታታይ ድራማ ላይ ሚና እንደሚሰጠኝ በስልክ ነግሮኛል። ሥራዬን ልልቀቅ? የጎጃም አነጋገሬስ ያስቀረኝ ይሆን? እናቴ በሐሳቡ አልተስማማችም።»

ምላሽ፦

ውድ ወንድሜ፣ እኔም የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ከ25 ዓመት በፊት ያንተኑ ጥያቄ በልቤ ይዤ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግሬአለሁና ጥያቄህን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ላነበው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ በመድረክ ተውኛለሁ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ድራማ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ለድራማና ለፊልም ተዋናዮችን በመምረጥና በማሠልጠን እተዳደራለሁ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ፦ ሥራህን አሁን አትልቀቅ፤ ሚና ይሰጥሃል ለሚል ተስፋ ገንዘብ አትክፈል፤ አነጋገርህ አያስቀርህም፤ ትወናውን ግን እዚያው ቢቸና ሆነህ ከዛሬ ጀምሮ ልትሠራበት ትችላለህ። ምክንያቱን በዝርዝር ካላስረዳሁህ ግን ይህ መልስ ትእዛዝ ይመስልብሃልና በትዕግሥት እንድታነበኝ እለምንሃለሁ።

ወደ ሙያው ለመግባት የሚመጡ ወጣቶች ስለ ተዋናይነት ሲያስቡ በዐይነ ሕሊናቸው የሚመጣባቸው የቀረጻው ቀን ነው፤ መብራቱ፣ ካሜራው፣ የአዘጋጁ ድምፅ። እኔ በዚህ ሙያ ቆይቼ የተረዳሁት ግን ተዋናይን የሚያጸናውም የሚጥለውም በአንድ ሥራና በሚቀጥለው ሥራ መካከል ያለው ባዶ ጊዜ መሆኑን ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ዕድል ቀንቶህ በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ፊልሞች መካከለኛ ሚና አገኘህ እንበል፤ በእያንዳንዱም 12 ቀን ተቀረጽህ። በአንድ ተከታታይ ድራማ ደግሞ በወር አራት ቀን እየተጠራህ ለአሥር ወር ሠራህ። ድምሩ 64 ቀን ነው። ይህ ለጀማሪ እጅግ የሰመረ ዓመት ነው፤ እንዲህ ያለ መነሻ ያገኙ ተማሪዎቼ በጣም ጥቂቶች ናቸው። ከዓመቱ ግን 301 ቀን ይቀርሃል። የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ለተዋናይ ምርጫ ስትጠራ ከአያት እስከ ሜክሲኮ የምትመላለስበት የታክሲ ገንዘብ፣ ለገጸ ባሕርይው ይዘህ እንድትመጣ የምትባለው ልብስ ሳይቀር፣ ሁሉም በእነዚያ 301 ቀናት ውስጥ ይጠብቁሃል።

በእነዚያ ቀናት እጁ ባዶ የሆነ ተዋናይ ምን እንደሚገጥመው ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጣለትን ሚና ሁሉ ይቀበላል፤ ዛሬ ደላላ ሆኖ የታየ፣ ነገም በሌላ ፊልም ደላላ ሁን ሲባል እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ በሦስተኛው ዓመት አዘጋጆች ስሙን ሳይሆን «ያ ደላላው ልጅ» የሚለውን ብቻ ያስታውሳሉ። ውል ሳይፈርም ቀረጻ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ውል ከጠየቀ ሌላ ሰው ይተኩብኛል ብሎ ይፈራል። ከእኔ ጋር ከተነሡት መካከል ከእኔ የተሻለ ድምፅ፣ ከእኔ የተሻለ የማስታወስ ችሎታ የነበራቸው ነበሩ። ዛሬ በሙያው ውስጥ የሉም። ችሎታ አላነሳቸውም፤ ሁለተኛውን ዓመት የሚያልፉበት ስንቅ ነበር ያጡት። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ፊልሜ የክፍያዬ ግማሽ ተሰጥቶኝ ቀሪው ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ እንደሚከፈለኝ በቃል ተነገረኝ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገባ፣ ሳምንታት ታየ፣ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ያን ዓመት ያቆመኝ ጠዋት ጠዋት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ለልጆች ተረት እየተረክሁ የማገኘው ደመወዝ ነበር፤ ስለዚህ ነው «መምህርነቴን ልልቀቅ» የሚለው ቃል ገና ከመነሻው ያስደነገጠኝ።

በሁለት እግር መቆም የትወና ፍቅር ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በኢቲቪ ይተላለፍ የነበረውን «ሰው ለሰው» የተባለውን ድራማ የተከታተለ ሁሉ አስናቀን አይረሳውም፤ ያንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አበበ ባልቻ በሕግ ባለሙያነቱም የሚታወቅ ሰው ነው። ካንተው አገር ደግሞ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ኑሮውን የመሠረተው በመምህርነት ነበር፤ በአገራችን የተውኔት ታሪክ መጀመሪያ ላይ ከሚጠሩት ደራስያን አንዱ የሆነው ከማስተማሩ ጎን ለጎን ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የትወና ባለሙያዎችን ሲያፈራ የኖረው የቴአትር ትምህርት ክፍል በእርሱ ስም ይጠራል። አንተም መምህር ነህ፤ የድራማ ክበብም አለህ። መነሻህ ከእርሱ መነሻ ብዙም አይርቅም፤ ይህንንም ለማበረታታት ብቻ አልጻፍኩትም።

ደመወዝና ጡረታ ያለው ሥራ ሌላም ዋጋ አለው፤ ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፍቃዱ ተክለማርያም በመድረክ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም የሠራ፣ ድምፁንም የአገሩ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ታላቅ ተዋናይ ነበር። ኩላሊቱን በታመመ ጊዜ ለሕክምናው የሚሆነው ገንዘብ የተሰባሰበው ከሕዝብ ነበር። ሕዝቡ ለሚወደው ሰው መድረሱ የሚያኮራ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን ሙያው ራሱ ባስቀመጠለት መታከም ይገባው ነበር። በየሥራው እየተዋዋለ የሚኖር ተዋናይ የጡረታም የሕክምናም መዋጮ የሚያስቀምጥለት ቀጣሪ የለውም፤ ራሱ ካላሰበበት ማንም አያስብለትም።

ወደ ሙያው ውስጣዊ ነገር ልግባ። «የቴሌቪዥንና የፊልም ተዋናይ» የሚለው ስም ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው ብቻ ያስመስላል፤ በተግባር ግን ተዋናይን የሚመግበው ብዙ ጅረት ነው። መድረክ አለ፤ የሬዲዮ ድራማ አለ፤ ማስታወቂያ አለ፤ የመጽሐፍ ትረካ አለ፤ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የድምፅ ትወና ለብዙ ወጣቶች ቋሚ ሥራ ሆኗል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የሚጠይቁት ድምፅህን ነው፤ መልክህን አይደለም። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሲሮጥ እኔ ድምፅ ላይ እንዲጀምር እመክራለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፤ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ሁሉም በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ እየተለዋወጡ ይኖሩ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ያንተኑ ጎጃም የሚተርክ፣ ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም የጎጃም ሰው ናቸው። ያንን ትረካ አግኝተህ አንድ ምዕራፍ በተደጋጋሚ አዳምጥ፤ ስታዳምጥ ግን ለመቅዳት አትሞክር። ልብ ብለህ የምትሰማው የት ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛውን ቃል እንደሚያዘገየው፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ተናግሮ ሌላው ሊመልስ ሲል በመካከል ያለችው ዝምታ ምን ያህል እንደምትረዝም ይሁን። ከዚያም የራስህን ገጽ ምረጥና ጮክ ብለህ አንብብ።

ካሜራ ከመድረክ የሚለይበትን ነገር ለመምህር ማስረዳት አይከብድም። በክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ተማሪ እንዲሰማው ድምፅህን ታወጣለህ፣ እጅህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ፊትህ ይናገራል፤ መድረክም እንዲሁ ነው። ካሜራ ግን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ዐይንህን ያያል። በክፍል ውስጥ ልከኛ የነበረው የቅንድብ መነሣት በቅርብ ቀረጻ ሲታይ ጩኸት ይሆናል። ከድራማ ክበብ የሚመጡ ልጆች ለምርጫ ሲቀርቡ አብዛኞቹን የሚጥላቸው ይህ ነው፤ ለመታየት ብዙ ይሠራሉ። ይህን ለማስተካከል በየማሠልጠኛው ከሚነገረው ይልቅ እኔን የጠቀመኝ በልጅነቴ ሞጣ ለቅሶ ቤት ያየሁት ነው። ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ የሟቹን ታሪክ፣ የሄደበትን መንገድ፣ ትቷቸው የሄደውን ልጆች አንድ በአንድ ስታነሣ ለቀስተኛው ሁሉ ይንሰቀሰቃል፤ እርሷ ግን ድምፅዋ አይቆረጥም፣ ቃሏ አይጠፋትም። ለራሷ ብታለቅስ ኖሮ ሙሾው ይቋረጥ ነበር። ኀዘኑን ወደ ውስጥ ይዛ ቃሉን ለሰሚው ትሰጣለች። ካሜራ ከተዋናይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እንባው የተመልካቹ እንዲሆን ተዋናዩ መያዝ አለበት። በአካባቢህ ያሉትን አልቃሾች፣ በሠርግ የሚያዜሙትን አዝማሪዎች፣ በሽምግልና ላይ የሚናገሩትን አባቶች በጥንቃቄ ተመልከት። ሰው ሲዋሽ፣ ሲሸማቀቅ፣ የሚከፍለው ሳይኖረው ብድሩን ሲጠየቅ እጁን የት እንደሚያደርግ የምትማረው ከእነርሱ ነው፤ ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ቤተ መጻሕፍት አላውቅም።

የፊልም ሥራ ሌላው አስቸጋሪ ነገር ታሪኩ በቅደም ተከተል አለመቀረጹ ነው። አንድ ቤት ለሦስት ቀን ከተከራዩ በዚያ ቤት ውስጥ የሚታየው ሁሉ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ይቀረጻል። በአንድ ሥራ ላይ ጠዋት ልጄን ቀብሬ ተመልሼ፣ ከምሳ በኋላ በዚያው ግቢ ያው ልጅ ተወልዶ ክርስትና ስናበላ ተቀርጫለሁ። ስለዚህ ገጸ ባሕርይው በየትኛው ትዕይንት ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንዳልሰማ፣ ምን ያህል እንደደከመ አንድ በአንድ ጽፎ የማይይዝ ተዋናይ ይጠፋል። አዘጋጁ ያስታውሰኛል ብለህ አትተማመን፤ አዘጋጁ መብራቱንና ሰዓቱን እያሰበ ነው። በቀደመው ትዕይንት ብርጭቆውን በቀኝ እጅህ ይዘህ ከነበረ በሚቀጥለውም በቀኝ እጅህ መሆን አለበት፤ በመካከላቸው አራት ቀን ቢያልፍም እንኳ። አማርኛ መምህር በመሆንህ ጽሑፍን መተንተን ለምደሃል፤ ይህ ብዙ ተዋናይ የሌለው መሣሪያ ነው። የማስታወስም ነገር እንዲሁ ነው። በአካባቢህ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሳይጽፍ በቃሉ ሲቋጥር አይተህ ይሆናል፤ ቃለ ተውኔትን የሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ስልት ሊማር አይችልም። ቃሉን በሐሳቡ ቅደም ተከተል ያዘው፤ ፊደሉን ብቻ የሸመደደ ተዋናይ አብሮት የሚተውነው ሰው አንድ ቃል ቢቀይርበት ይደናበራል።

አሁን ወደ አነጋገርህ። ይህ ጥያቄ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ የሚመጡ ልጆች ሁሉ በፍርሃት የሚጠይቁኝ ነው፤ አንዳንዶቹም ከፍርሃታቸው የተነሣ ንግግራቸውን ከአፋቸው ፍቀው አጥፍተው ይመጣሉ፤ ሲናገሩም ከየትም ያልሆነ፣ የማንም ሰው ያልሆነ አማርኛ ይሆናል። አንተ «ሂጀ»፣ «መጥቸ»፣ «ሁኘ» ትላለህ፤ አዲስ አበባ «ሄጄ»፣ «መጥቼ»፣ «ሆኜ» ይባላል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አያንስም። ልዩነቱ ገጸ ባሕርይው የት ተወልዶ የት እንዳደገ መናገሩ ነው። የአዲስ አበባ ባንክ ሠራተኛ ሆነህ «መጥቸ» ካልክ ተመልካቹ ከታሪኩ ይወጣል፤ የደጀን ገበሬ ሆነህ «መጥቼ» ካልክም እንዲሁ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልግህ አንዱን ማጥፋት ሳይሆን ሁለቱን ለይቶ መያዝ ነው። ደግሞም ከገጠር የሚነሣ ታሪክ በተሠራ ቁጥር አዘጋጆች የገጠሩን አነጋገር በትክክል የሚናገር ተዋናይ ሲፈልጉ ያጣሉ፤ አብዛኛው የከተማ ልጅ የገበሬ አነጋገር ሲጫወት ሁሉንም ክፍለ አገር አንድ ያደርገዋል፤ ጎጃሙንም ሸዋውንም ወሎውንም ያቀላቅለዋል፤ በዚያ ላይ የገበሬውን ጥበብ ወደ ሞኝነት ይቀይረዋል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የጎጃም ገበሬ በፊልሞቻችን ውስጥ እንደ ማሳቂያ ሲቀርብ አይቼ ከሲኒማ ቤት ተነሥቼ የወጣሁበት ጊዜ አለ። አንተ ይህን ልታስተካክል የምትችል ሰው ነህ፤ ስለዚህ አነጋገርህን እንደ ጠባሳ አትደብቀው።

ስለ ማሠልጠኛው የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ሥልጠና ጥሩ ነው፤ በከተማው በቅንነት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ለትምህርት መክፈልም ነውር የለውም። ነገር ግን የሚያሠለጥንህ ሰው ሚናን ከክፍያ ጋር አያይዞ ቃል ከገባልህ እየሸጠልህ ያለው ሥልጠና አይደለም። ሚና የሚሰጠው አዘጋጁና ፕሮዲውሰሩ ጽሑፉን አንብበው፣ ሰውን ፈትነው ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ስለሚጻፍ ድራማ ዛሬ ቃል ሊገባልህ የሚችል ሰው የለም። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የሚያስተምሩት ሰዎች እነማን ናቸው፣ በየትኞቹ ሥራዎች ላይ ታይተዋል፣ ከእነርሱ የተማሩ ሦስት ሰዎችን ማነጋገር እችላለሁ ወይ። ካቅማሙ ተወው። ሌላም ልጨምር፤ አንተ ወንድ ብትሆንም ክበብህ ውስጥ ሴት ተማሪዎች አሉና ንገራቸው፦ በሌሊት፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በሆቴል ክፍል፣ ብቻሽን ነይ የሚል የተዋናይ ምርጫ ምርጫ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ አንዲት ተማሪ ብታጣው የሚጎድልባት ነገር የለም።

ውልን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር፤ ዋናው ነገር በጽሑፍ መሆኑ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይን «ከዋኝ» በሚለው ስም ከሙዚቀኛና ከዳንሰኛ ጋር መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ሥራው የት የት እንደሚታይ፣ ሲኒማ ቤት ብቻ ነው ወይስ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብም፣ ክፍያው በስንት ጊዜ ተከፍሎ መቼ መቼ እንደሚሰጥህ፣ ቀረጻው ከተያዘለት ቀን ቢያልፍ ተጨማሪው ቀን እንዴት እንደሚታሰብ፣ ድምፅህን በሌላ ሰው ድምፅ መተካት ይችሉ እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ቀረጻው ከማለቁ በፊት ባለው ቀን እንዲሆን ጠይቅ፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ የሚጠይቁህ ነገር ስለሌለ የሚያስታውስህም ላይኖር ይችላል። እኔ ይህን የተማርኩት ከላይ በነገርኩህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርግ? የመምህር ትልቁ ሀብት ክረምቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ወር ያህል ጊዜ አለህ። የመንገዱና የጸጥታው ሁኔታ የሚፈቅድልህ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት አዲስ አበባ መጥተህ አጭር ሥልጠና ውሰድ፤ ቴአትር ቤቶች ሂድ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን አገር ፍቅርንና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትር ሳታይ እንዳትመለስ። አንድን ተውኔት ሁለትና ሦስት ቀን ደጋግመህ ተመልከት፤ በመጀመሪያው ቀን ታሪኩን ታያለህ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ተዋናዩ የሚሠራውን ማየት ትጀምራለህ። ዝናቡ የውጭ ቀረጻን ስለሚያውክ በክረምት ሥራ ባይበዛም ሰው ለማግኘትና ለመስከረም የሚዘጋጁትን ሥራዎች ለማወቅ ግን ጥሩ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ብቸኛው በር እንዳልሆነም አስታውስ። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ የክልሉ ቴሌቪዥንና ሬዲዮም ያሉት እዚያው ነው። ትልቅ ስም ለማግኘት አዲስ አበባ ይቀላል፤ ደጋግሞ መድረክ ላይ ለመውጣት ግን ባሕር ዳር ለአንተ የቀረበ ነው፤ ጀማሪን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ደጋግሞ መውጣት ነው። ሁለት ክረምት እንዲህ ከሠራህና ሁለት የተከፈለህባቸው ሥራዎች ከኖሩህ፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይና ቀለብ ካጠራቀምክ፣ ያን ጊዜ ሥራ ስለመልቀቅ እንደገና እንነጋገራለን። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቅህ አዲስ አበባ ባለ ትምህርት ቤት ዝውውር ወይም ቅጥር ማግኘት ትችል እንደሆነ ነው።

እናትህ አልተስማሙም ብለህ የጻፍከውን እንደ እንቅፋት አትቁጠረው። የእኔ እናት ለስድስት ዓመት አላነጋገረችኝም፤ «አዝማሪ ሆነሽ ቀረሽ» ነበር ያለችኝ፤ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ ታውቃለህ። ነገር ግን እናትህ የሚፈሩት ትወናውን ላይሆን ይችላል። የሚፈሩት ርሃቡንና በሰው አገር መቸገርህን ይሆናል፤ በዚህ ደግሞ እርሳቸው ልክ ናቸው፤ ከላይ የጻፍኩትም የእርሳቸውን ፍርሃት በቁጥር ማስላት እንጂ ሌላ አይደለም። የክበባችሁን ቀጣይ ድራማ ስታሳዩ ፊት ለፊት አስቀምጣቸው፤ ዕቅድህንም ከክረምቱ እስከ ገንዘቡ ድረስ በግልጽ ንገራቸው።

በመጨረሻም ቢቸና ተቀምጠህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልታደርገው የምትችለውን ልንገርህ፤ ተዋናይ የምንመርጥ ሰዎች ከሩቅ ያለን ሰው የምናየው በአብዛኛው በስልክ በተቀረጸ ቪዲዮ ነውና። ጠዋት በመስኮት ፊት ለፊት ቁም፤ ብርሃኑ ከፊትህ ይምጣ፣ ከጀርባህ አይሁን። ስልኩን አግድም አድርገህ ከዐይንህ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጥ፤ ከደረትህ በላይ ብቻ ይታይ። ከጀርባህ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን። ደማቅ ጥለት ያለው ልብስ አትልበስ። መጀመሪያ ስምህን፣ ዕድሜህን፣ ቁመትህንና የምትኖርበትን ከተማ በተለመደው ድምፅህ ተናገር፤ ከዚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዙረህ ፊትህን በጎን አሳይ። ቀጥሎ ሁለት አጫጭር ንግግሮችን ሥራ፤ አንዱ በራስህ አነጋገር፣ በ«መጥቸ»፣ አባቱ በሬዎቹን ሊሸጥበት የፈለገ የገበሬ ልጅ ይሁን፤ ሌላው በከተማው አነጋገር፣ ከሥራ የተባረረበትን ዜና ለሚስቱ የሚደብቅ ሰው ይሁን። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ። ካሜራውን አትመልከት፤ ከስልኩ አጠገብ የክበብህን አንድ ተማሪ አስቁምና ለእርሱ ተናገር፤ እርሱም በጸጥታ ያዳምጥህ እንጂ አይመልስልህ። አሥር ጊዜ ቅረጽና በማግስቱ ሁሉንም ተመልከት፤ ብዙ የሠራህበትን ሳይሆን ሰውየውን ያመንክበትን አንዱን ምረጥ፤ ሌሎቹንም አትሰርዛቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ስትቀርጽ ከእነርሱ ጋር ታስተያያቸዋለህ።